«እኔ ቤቲ ነኝ፣ መልከ ጥፉዋ»፦ ከቀሪ ሒሳብ የተወለደ የፍቅር ድራማ

ስለ ኮሎምቢያው ተከታታይ ድራማ «ዮ ሶይ ቤቲ፣ ላ ፌያ» ሲወራ ወሬው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዋናዋ ገጸ ባሕርይ መነጽር፣ ከጥርሷ ብረትና ግንባሯ ላይ ከተለጠፈው ጸጉሯ ነው። መልከ ጥፉ የተባለች ወጣት በአንድ የልብስ ፋሽን ኩባንያ ተቀጥራ አለቃዋን ታፈቅራለች፤ ብዙ ከተሠቃየች በኋላ አምሮባት ታገባዋለች፤ ታሪኩ ይኸው ነው ሲባል ከሃያ ዓመታት በላይ ኖሯል። ድራማውን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ለተከታተለ ሰው ግን ይህ አባባል ዋናውን ጉዳይ የሳተ ነው። ሴራው የሚዞረው በአንድ የቤተሰብ ኩባንያ ቀሪ ሒሳብ፣ ማለትም ሀብቱንና ዕዳውን በሚያሳየው መግለጫ ዙሪያ ነው። ማን ለማን ድምፅ እንደ ሰጠ፣ የትኛው ዕዳ ከቦርዱ እንደ ተሰወረና ሐሰተኛውን ሪፖርት ማን እንዳዘጋጀው ልብ ያላለ ተመልካች የፍቅሩንም ነገር በቅጡ አይረዳውም፤ ፍቅሩ ራሱ የተፀነሰው ከዕዳው ነውና። ሥራዬ ከሒሳብ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ወደዚህ ጎኑ ማድላቴ አይቀርም፤ ቢሆንም ይህ ድራማ ከብጤዎቹ የሚለይበትን ነገር አሳይ ብባል የማመለክተው ወደ ሒሳብ መዝገቡ ነው።

ድራማውን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ2019 ያረፈው ፌርናንዶ ጋይታን ሲሆን፣ በአርሲኤን ቴሌቪዥን የተላለፈው ከኦክቶበር 25 ቀን 1999 እስከ ሜይ 8 ቀን 2001 ነው። ጋይታን በ1994 የአንዲት ቡና ለቃሚንና የአንድ ቡና ላኪ ቤተሰብን ታሪክ ሲጽፍም የፍቅሩን ነገር ከኩባንያ ንግድ ጋር አቆራኝቶት ነበርና ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እንግዳ አልነበረም። የዘመኑ ሁኔታም በታሪኩ ላይ ጥላውን አጥልቷል። የኮሎምቢያ ኢኮኖሚ በ1999 ከ4 በመቶ በላይ ያሽቆለቆለበት፣ ድርጅቶች ሠራተኛ የሚቀንሱበትና የተማረ ሰው የሥራ ማመልከቻ ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተትበት ዓመት ነበር። በኢኮኖሚክስ ተመርቃ፣ በፋይናንስ ከፍ ያለ ትምህርት ተምራ፣ ባንክ ቤትም ሠርታ የምታውቀው ቤያትሪስ ፒንሶን ሶላኖ ለጸሐፊነት ቦታ መወዳደሯን ተመልካቹ ያለ ማብራሪያ የተቀበለው ስለዚህ ይመስለኛል።

የድራማው አጀማመር በብልሃት የተሠራ ነው። ቤቲ ኤኮሞዳ ወደ ተባለው ኩባንያ ለቃለ መጠይቅ ስትገባ ካሜራው የእሷን ፊት ከማሳየት ይልቅ የሚያዩአትን ሰዎች ፊት በእሷ ዓይን ያሳየናል። የሚሸማቀቀውን፣ ሳቁን የሚያፍነውን፣ ቶሎ ብሎ ዓይኑን የሚያሸሸውን ሁሉ እያየን እንከተላታለን፤ ስለ መልኳ ከማወቃችን በፊት ሰው እንዴት እንደሚያያት እናውቃለን። የሥራ ማመልከቻዋ ላይ ፎቶግራፍ አላያያዘችም፤ ለምን እንደ ሆነ ለመገመት ጠቢብ መሆን አያስፈልግም። ከእሷ ጋር የምትወዳደረው ፓትሪሲያ ፈርናንዴስ ደግሞ መልክና የሚያውቃት ሰው አላት፤ ትምህርትን በተመለከተ ግን ያላት ሳን ማሪኖ በተባለ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ስድስት ሴሚስተር የፋይናንስ ትምህርት ብቻ ነው፤ እሱንም ባገኘችው አጋጣሚ ሁሉ ሳታነሣው አታልፍም። አዲሱ የኩባንያው ፕሬዚዳንት አርማንዶ ሜንዶሳ ሁለቱንም ይቀጥራቸዋል። ለፓትሪሲያ እንግዳ የሚያያት ዴስክ ይሰጣታል፤ ቤቲ ደግሞ ከቢሮው ጋር በተያያዘች፣ ዕቃ ማስቀመጫ በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች። የኩባንያው ምሥጢር በሙሉ ቀስ በቀስ የሚከማቸው በዚያች ክፍል ውስጥ ነው።

ኤኮሞዳ የሁለት ቤተሰቦች ንብረት ነው። ሜንዶሳዎችና ባሌንሲያዎች አብረው አቋቁመውታል፤ የባሌንሲያ ቤተሰብ ወላጆች በአደጋ ሞተው አክሲዮናቸው ለልጆቻቸው ለዳንኤል፣ ለማርሴላና ለማሪያ ቤያትሪስ ተላልፏል። ሽማግሌው ሮቤርቶ ሜንዶሳ ከፕሬዚዳንትነት ሲወርዱ ለወንበሩ የሚፎካከሩት ልጃቸው አርማንዶና ቀዝቃዛ ደም ያለው ዳንኤል ናቸው። ውሳኔው የተንጠለጠለው በማርሴላ ድምፅ ላይ ነው፤ ማርሴላ ደግሞ የዳንኤል እኅት፣ የአርማንዶ እጮኛ ናት። አርማንዶ የሠርጉን ቀን ቆርጦ ድምፁን ያገኛል። እዚህ ላይ ድራማው ማንንም ሳይወቅስ አንድ ነገር ግልጽ ያደርጋል፤ በዚህ ኩባንያ ውስጥ ጋብቻ የንግድ ስምምነት ነው፤ ቀለበቱ የታሰረው ቃለ ጉባኤ ላይ ነው ቢባል ያስኬዳል። ማርሴላ ይህን አታውቅም ማለት አይቻልም። አውቃውም ትወደዋለች፤ የሴትየዋ ሥቃይ ሁሉ የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

አርማንዶ ወንበሩን ያገኘው ሽያጩን በእጅጉ ከፍ አድርጎ ወጪውን እንደሚቀንስ ለቦርዱ ቃል ገብቶ ነው። ዳንኤል በስብሰባው ላይ ዕቅዱ የማይሆን መሆኑን ሲናገር ተመልካቹ ይጠላዋል፤ ትክክል የነበረው ግን ዳንኤል ነው። ደራሲው ክፉውን ሰው ቁጥር የሚያውቅ፣ ደጉን ሰው ደግሞ ቁጥር የማያውቅ አድርጎ መፍጠሩ በዚህ ዓይነት ድራማ የማይጠበቅ ድፍረት ነው። አርማንዶ ወጪ ለመቀነስ ርካሽ ጨርቅ ይገዛል፤ ጥራቱ የወረደው ልብስ ገበያ አያገኝም፤ የባንክ ብድር ይከመራል፤ ጉድለቱን በአንድ ምት ለመሸፈን የሚሞክረው እያንዳንዱ ሙከራ ሌላ ጉድለት ይወልዳል። የሒሳብ ሰው ይህን ሲያይ የሚሰማው ነገር ከአስፈሪ ፊልም አይተናነስም። ሁሉም ነገር በየወሩ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ማንም ሊሰርቅ ሳያስብ ይፈጸማልና።

ከዚያም ሁለቱ ሪፖርቶች ይመጣሉ። አንደኛው ለአርማንዶ ብቻ የሚቀርበው እውነተኛው ነው፤ ሌላው ቦርዱ እንዲያጸድቀው የተኳኳለው። ሁለቱንም የምታዘጋጀው ቤቲ ናት። ጋይታን ለዋና ገጸ ባሕርይው ያደላ ደራሲ ቢሆን ኖሮ ይህን ኃጢአት በሌላ ሰው ላይ በጫነው ነበር፤ አላደረገውም። ቤቲ የሐሰት ሰነድ እያዘጋጀች መሆኑን አሳምራ ታውቃለች፤ የምታደርገው ግን የሚያምናት ብቸኛው ሰው ስለ ጠየቃት ነው። ለቦርዱ የሚዘጋጀውን ወረቀት ስታገጣጥም፣ ፎልደሮቹን ስታስተካክል፣ ከዚያም በስብሰባው ላይ አንገቷን ደፍታ ስትቀመጥ የሚታየው ፊቷ፣ ቢሮ ውስጥ አለቃ ያዘዘውን ሕገ ወጥ ነገር ፈርሞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ፊት ነው። ዕዳው ሲገፋ አርማንዶ ሌላ መላ ይፈጥራል። በቤቲ ስም ቴራሞዳ የሚባል ኩባንያ ይቋቋማል፤ ይህ በወረቀት ላይ ያለ ኩባንያ ለኤኮሞዳ አበዳሪ ሆኖ ይቆምና ሌሎች አበዳሪዎች ሳይደርሱበት በንብረቱ ላይ እግድ ያስጥላል። የሁለት ባለጸጋ ቤተሰቦች ሀብት፣ ቃለ ጉባኤና ጌጥ ያለው የስብሰባ አዳራሽ ባለበት ቤት፣ በሕግ ፊት በዕቃ ክፍል ውስጥ በምትሠራው ጸሐፊ እጅ ገባ ማለት ነው።

የፍቅሩ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የቴራሞዳን ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው ኒኮላስ ሞራ የቤቲ የልጅነት ጓደኛ ነው። አርማንዶና የንግድ ምክትሉ ማሪዮ ካልዴሮን፣ ኒኮላስ የቤቲ ፍቅረኛ ሆኖ ልጅቱን ኩባንያውን እንድትነጥቃቸው ሊያደርጋት ይችላል ብለው ይሠጋሉ። ማሪዮ ያቀረበው መፍትሔ አጭር ነው፤ አርማንዶ ራሱ ያፍቅራት። እንደ ኢንሹራንስ መሆኑ ነው። ይህ ነገር በቤቲ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው አይደለም፤ ቀደም ሲልም ሚጌል የሚባል የሠፈሯ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ተወራርዶ ቀርቧት ነበር። ተመልካቹ ይህን ያውቃል፤ አርማንዶ አያውቅም። ስለዚህም እያንዳንዱ የእራት ግብዣ፣ ሰው በማያያቸው ጨለማ ምግብ ቤት ውስጥ ያለው እያንዳንዱ መሳሳም፣ በአንድ ጊዜ ደስታም ሰቆቃም ሆኖ ይታያል። ቤቲ ከተሳሳሙ በኋላም «ዶን አርማንዶ» እያለች አንቱ ማለቷን አትተውም።

ከድራማው ሁሉ ተነጥሎ ሊታይ የሚገባው ትዕይንት የደብዳቤው ነው። ማሪዮ ለሥራ ጉዳይ ከመጓዙ በፊት ለአርማንዶ አንድ ከረጢት ይተውለታል፤ በውስጡ ለቤቲ የሚሰጡ ካርዶችና ስጦታዎች፣ ከእነሱም ጋር ካርዱና ስጦታው እንዴት እንደሚሰጣት፣ አርማንዶ መልኳን ችሎ እንዴት እንደሚቆይ የሚያስረዳ ደብዳቤ አለ። ደብዳቤው የተጻፈው እንደ ሥራ መመሪያ ነው፤ የሚያስደነግጠውም ይኸው ነው። ቤቲ ታገኘዋለች። አንብባ ስትጨርስ አትጮኽም፣ ቢሮም አትሰብርም። እንደ ነበረ መልሳ ታስቀምጠዋለች፤ ሲሰጣት የሚመጣውን ካርድ ሁሉ የማታውቅ መስላ ትቀበላለች፤ የምታምንበትን ሒሳብ እየሠራችም ቀኑን ትጠብቃለች። አርማንዶ በበኩሉ በእነዚያው ሳምንታት ማስመሰሉን ረስቶ በእርግጥ ያፈቅራታል። ሁለት ሰዎች በየተራ እየዋሹ፣ አንደኛው እውነተኛ ሲሆን ሌላው ውሸቱን የጀመረበት ይህ ክፍል በቴሌኖቬላ፣ ማለትም በላቲን አሜሪካ ተከታታይ ድራማ ታሪክ ውስጥ ከተጻፉት ምርጥ ነገሮች አንዱ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

የሚከተለው የቦርድ ስብሰባ የድራማው ቁንጮ ነው፤ የበቀሉ መሣሪያም የሒሳብ መግለጫ ነው። አርማንዶ የተለመደው የተኳኳለ ሪፖርት እንደሚነበብ እርግጠኛ ሆኖ ተቀምጧል፤ ባለአክሲዮኖቹ እጅ የገባው ግን እውነተኛው ነው። ዶን ሮቤርቶ ገጽ በገለጡ ቁጥር ፊታቸው ሲለዋወጥ፣ ዳንኤል ሲጠረጥር የቆየውን ነገር በቁጥር ሲያረጋግጥ፣ ማርሴላ ከዕዳው በስተጀርባ ሌላም ነገር እንዳለ ሲገባት፣ ቤቲ ሥራዋን ትለቃለች። በዚህ ዘርፍ የለመድነው መካካድ የሚፈነዳው በሠርግ አዳራሽ ወይም በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ነው። እዚህ ግን የፈነዳው በጠቅላላ ድምር ላይ ነው፤ ከዚህ የበለጠ የሚያሳምን ነገር አላየሁም።

ስለ ሥራ ቦታው ሕይወት ሲነሣ የሴቶቹን ቡድን ማለፍ አይቻልም። አውራ ማሪያ፣ ሳንድራ፣ ማሪያና፣ ቤርታ፣ ሶፊያና አንጋፋዋ ልብስ ሰፊ ኢኔሲታ ከቤቲ ጋር ሆነው ራሳቸውን «የመልከ ጥፉዎች ጭፍራ» ይላሉ፤ መሰብሰቢያቸው የሴቶች መጸዳጃ ክፍል ነው። የኩባንያው እውነተኛ ቦርድ ይህ ነው። ማን ሊባረር እንደ ሆነ፣ ደመወዝ ለምን እንደ ዘገየ፣ ፕሬዚዳንቱ ከየትኛዋ ሞዴል ጋር እንዳመሸ፣ ከላይኛው ስብሰባ ቀድሞ የሚታወቀው እዚያ ነው። ሶፊያ ባሏን የነጠቀቻት ሴት እዚያው ኩባንያ ውስጥ ስለምትሠራ በየቀኑ ፊት ለፊት ትገጥማታለች፤ አውራ ማሪያ ልጅ ብቻዋን እያሳደገች እንግዳ መቀበያው ላይ በሳቅና በቅንጥብጣቢ ፍቅር ትኖራለች፤ ተላላኪው ፍሬዲም በቀልዱ ይከተላታል። የእነዚህ ሴቶች ታሪክ ለዋናው ሴራ ማጀቢያ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ኤኮሞዳ ቢዘጋ መንገድ ላይ የሚወድቁት እነሱ መሆናቸውን ድራማው ደጋግሞ ያስታውሰናል፤ በዚህም ምክንያት የሐሰት ሪፖርቱ ጉዳይ የባለጸጎች ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይታይም።

የቤቲ ቤት ደግሞ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። አባቷ ዶን ኤርሜስ ከሥራ የተገለሉ የሒሳብ ባለሙያ ሲሆኑ፣ «ዲያብሎስ አሳማ ነው» የሚለው አባባላቸው በኮሎምቢያ የሰው ሁሉ አፍ ላይ ገብቷል። ልጃቸው ማታ ስትዘገይ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ከማን ጋር እንደ ነበረች፣ ማን እንዳደረሳት ይጠይቃሉ፤ አንድ ጎልማሳ አለቃ ለምን በሌሊት እንደሚደውል መልስ ይሻሉ። እናቷ ዶኛ ሁሊያ በዚህ መካከል ነገር ያበርዳሉ፤ ሁልጊዜ ርቦት ለሚመጣው ኒኮላስም ምግብ ያቀርባሉ። እኛ ቤት ቢሆን ኖሮ ማን ምን እንደሚል አንባቢ ሳልነግረው ያውቀዋል። ዶን ኤርሜስ ግን ለመሳቂያ ብቻ የተፈጠሩ ጥብቅ አባት አይደሉም። ያለ እንከን መዝገብ በመያዝ የሚኮሩ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው የሐሰት ሒሳብ እያዘጋጀች መሆኑን ሳያውቁ በምትሠራው ሥራ ሲኩራሩ ማየት ከብዙ የፍቅር ትዕይንቶች የበለጠ ልብ ይነካል። ቤቲ በቢሮ የምትደብቀውን ወንጀልም፣ ከቤት የምትደብቀውን ፍቅርም የምትሸሽገው ከአንድ ሰው ነው።

ትወናውን በተመለከተ አና ማሪያ ኦሮስኮ ቤቲን በመነጽርና በጥርስ ብረት ላይ አልተወቻትም። ትከሻዋን አጥብባ መራመዷ፣ ከአፍንጫዋ የሚወጣው ያ የሚያስቅ ሳቋ፣ ቁጥር ስታብራራ ብቻ ድምፅዋ የሚደላደለው ነገር፣ ገጸ ባሕርይዋ የት እንደምትፈራና የት እንደማትፈራ ይናገራል። ሆርሄ ኤንሪኬ አቤሎ ደግሞ አርማንዶን ጯሂ፣ ጠርጣሪ፣ አንዳንዴም የሚያሳዝን ሕፃን አድርጎ ሠርቶታል፤ ሰውየው በደል እየሠራ ሳለ አለመጥላት የሚቻለው በተዋናዩ ችሎታ ነው። ናታሊያ ራሚሬስ ለማርሴላ የሰጠቻት ክብር ከጽሑፉ የሚበልጥባቸው ቦታዎች አሉ። በመጨረሻዎቹ ክፍሎች አርማንዶ በእርግጥ እንደሚወዳት ለቤቲ የምትነግራት ማርሴላ ራሷ ናት፤ ያንን ለማለት የሚከፈለው ዋጋ ፊቷ ላይ ይታያል።

እንከኑም ቀላል አይደለም። ከ300 በላይ ክፍሎች ለዚህ ታሪክ ይበዛሉ፤ በተለይ በመካከለኛው ክፍል አንድ ምሥጢር ሊወጣ ሲል ስልክ ጮኾ፣ በር ተከፍቶ የሚቋረጥበት ዘዴ እስኪሰለች ይደጋገማል። ዲዛይነሩ ኡጎ ሎምባርዲ በአነጋገሩና በአካሄዱ መሳቂያ ሆኖ የቀረበበት መንገድ፣ በቤርታ አበላልና በሳንድራ ቁመት የሚቀለደው ቀልድም ዛሬ ሲታይ ይጎረብጣል። ድራማው ሰውን በመልኩ መናቅን ሊወቅስ ተነሥቶ ራሱ በመልክ ሲያስቅ መዋሉ የሚታረቅ ነገር አይደለም። ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ካርታሄና የተደረገው ጉዞ፣ ቤቲ ከሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዋ ካታሊና አንኸል ጋር ሄዳ ጸጉሯንና አለባበሷን የቀየረችበት፣ ሁሉም የሚያስታውሰው ክፍል ደግሞ ለእኔ ከሁሉ ደካማው ነው። ባሕሩ ያምራል፤ ሴራው ግን ያርፋል። ታሪኩ ነፍስ የሚዘራው ሮቤርቶ ሜንዶሳ ኩባንያቸውን የሚያድንላቸው የቴራሞዳ ባለቤት ብቻ መሆኗን ተረድተው ቤቲን በፕሬዚዳንትነት ሲጠሯት ነው። መልኳ ባይቀየርም ወንበሩ ይገባት ነበር፤ ደራሲው ይህን የሚያውቅ ይመስላል፤ ተመልካቹ እንዲያምንለት ግን አልደፈረም።

አርማንዶን በተመለከተ ይቅርታው ርካሽ ሆኖብኛል። ሰከረ፣ ተደበደበ፣ አለቀሰ፣ ኩባንያውን ለማዳንም ተንከራተተ፤ ይህ ሁሉ ግን የሥቃይ ብዛት ነው። በሐሰተኛው ሪፖርት ምክንያት በሕግም ሆነ በቦርድ የደረሰበት ተጠያቂነት ከጥፋቱ ጋር አይመዛዘንም። ማሪዮ ካልዴሮን ደግሞ ከሁሉም ቀልሎ ያመልጣል፤ መመሪያውን የጻፈው እሱ ሆኖ ሳለ እስከ መጨረሻው ቀልደኛ ጓደኛ ሆኖ ይቀራል።

ድራማው በዓለም ላይ ከ20 በላይ በሆኑ አገሮች በየቋንቋው ተሠርቷል። የአሜሪካው ቅጂ ከ2006 እስከ 2010 በኤቢሲ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ ታሪኩን ወደ ኒው ዮርክ መጽሔት ቤት ወሰደው፤ የስደተኛ ቤተሰብን ኑሮ በመጨመር በዋናው የሌለውን ነገር አበረከተ። ሕንድ በ2003፣ ጀርመን በ2005 የራሳቸውን አቀረቡ፤ እስራኤል የሚኖሩ አንባቢዎች ደግሞ ከ2003 ጀምሮ የታየውን የዕብራይስጥ ቅጂ ያስታውሱት ይሆናል። ካየኋቸው ውስጥ አብዛኞቹ መነጽሩንና የጥርሱን ብረት ወስደው ቀሪ ሒሳቡን ትተውታል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ያማረባት ልጅ ታሪክ ነው፤ ያ ደግሞ ከዚህ ድራማ በፊትም በሽ በሽ ነበር።

በካና ቴሌቪዥን አማካይነት ከ2016 ጀምሮ በአማርኛ የሚነገሩ የቱርክ ድራማዎችን ለለመደ ተመልካች የኤኮሞዳ ዓለም እንግዳ አይሆንበትም፤ ባለጸጋ ቤተሰብ፣ ውርስ፣ ኩባንያ፣ ድሃ ልጅ ሁሉም አለ። ልዩነቱ በእነዚያ ድራማዎች ውስጥ ኩባንያው ብዙውን ጊዜ መኪና የሚቆምበትና ሰው የሚጮኽበት ሕንፃ ከመሆን አለማለፉ ነው። ምን እንደሚሠሩ፣ ለምን እንደ ከሰሩ አናውቅም። ኤኮሞዳ ውስጥ ግን የጨርቁ ዋጋ ስንት እንደ ወረደና መሸጫ ሱቆቹ ለምን ልብሱን እንደ መለሱ እናውቃለን።

በጁላይ 2024 በአማዞን ፕራይም ቪዲዮ የቀረበው ተከታይ ኦሮስኮንና አቤሎን መልሶ አገናኝቷቸዋል። ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ቤቲና አርማንዶ ትዳራቸው ተናግቶ፣ ያደገችው ልጃቸው ሚላ ከእናቷ ጋር ሳትግባባ እናገኛቸዋለን። ሁለቱን ተዋናዮች ጎን ለጎን ማየት ያስደስታል፤ ዶን ኤርሜስም ሲታዩ ልብ ይሞቃል። ይሁን እንጂ ጋይታን የሌለበት ጽሑፍ የኩባንያውን ችግር በፍጥነት ጠቅሶ ወደ ቤተሰብ ጭቅጭቅ ይሮጣል፤ ክፍሎቹም ጥቂት በመሆናቸው ጥርጣሬ በትንሽ በትንሹ የሚጠራቀምበት ጊዜ የለም። ዋናውን ያላየ ሰው ከዚህ ቢጀምር የሚናፈቀው ነገር ምን እንደ ሆነ አይገባውም።

ስለዚህ የምመክረው ዋናውን በስፓኒሽ ድምፁ፣ በግርጌ ጽሑፍ ማየት ነው፤ የቦጎታ ሰዎች አክብሮትና ሽሙጥ በድምፅ ቅላፄያቸው ውስጥ ነውና በሌላ ቋንቋ ድምፅ ሲተካ ግማሹ ይጠፋል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክፍሎች በቀልዱ ብዛት ቢያዘገዩም የፕሬዚዳንት ምርጫውን ስብሰባ ሳያዩ ማለፍ አይገባም፤ እያንዳንዱ ባለአክሲዮን ያኔ ያለው ነገር ኋላ ተመልሶ ይመጣል። ቴራሞዳ ከተቋቋመበት አንሥቶ እስከ ታላቁ የቦርድ ስብሰባ ያለው ምንም ሳይዘለል ይታይ። ድራማውን ለሥራ ባልደረቦቹ ታሪክ ሲል ማየት የሚሻ ሰው የመጸዳጃ ክፍሉን ትዕይንቶች ሁሉ ይያዛቸው። የካርታሄናውን ክፍል ግን ጊዜ ያጠረው ሰው በፍጥነት ቢያሳልፈው የሚያመልጠው ፀሐይና አሸዋ ነው።